የጥቁር ሸሚዝ ጦር ዜና፦ ከፖ ወንዝ ሜዳ እስከ ስድስት ኪሎ

በዚያ ዘመን በኢጣልያ ላይ ንጉሥ የነበረው ሣልሳዊ ቪክቶርዮ አማኑኤል ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ካበቃ አምስት ወር አልሞላውም። ከግንባር የተመለሰው ወታደር ሥራ አጥቶ በየከተማው ይንከራተታል፤ ገበሬው መሬት ይሻል፤ የፋብሪካ ሠራተኛውም ደመወዝ ይጨመርልን ብሎ ያድማል። በ1911 ዓ.ም. መጋቢት 14 ቀን፥ አስቀድሞ የሶሻሊስት ጋዜጣ ያዘጋጅ የነበረው ቤኒቶ ሙሶሊኒ በሚላኖ ከተማ ሳን ሴፖልክሮ በተባለው አደባባይ ጥቂት ሰዎች ሰብስቦ የፋሺስቶችን ማኅበር መሠረተ። ከመጡትም መካከል በጦርነቱ ጊዜ በጩቤና በእጅ ቦምብ ምሽግ ይሰብሩ የነበሩ፥ አርዲቲ የሚባሉ ወታደሮች ነበሩበት። ጥቁሩ ልብስ የእነሱ ነበር፤ ጩቤውም የእነሱ ነበር። ማኅበሩ ሁለቱንም ወረሰ።

ከዚህም በኋላ በ1913 ዓ.ም. በፖ ወንዝ ሜዳ፥ በቦሎኛና በፌራራ ዙሪያ፥ ታላላቅ ባለርስቶች የገበሬውን ማኅበር ፈሩ። መንግሥት አልረዳንም ብለው ለጥቁር ሸሚዝ ለባሾች ገንዘብ አወጡ። የፌራራውን ጭፍራ ይመራ የነበረው ኢታሎ ባልቦ የተባለ ወጣት ነው።

የአሠራራቸውም ሁኔታ እንዲህ ነበር። ሌሊት በካሚዮን ተጭነው ወደ መንደሩ ይገባሉ። የገበሬውን ማኅበር አለቃ ከአልጋው ጎትተው ሚስቱና ልጆቹ እያዩ በዱላ ይቀጠቅጡታል። አንዳንዱን አፉን ፈልቅቀው የጉሎ ዘይት ይግቱታል፤ ሰውዬው በሕዝብ ፊት ተዋርዶ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ነው። የሠራተኛውን መሰብሰቢያ ቤት፥ መጽሐፍና ወንበሩን ሳይቀር፥ በእሳት ያጋዩታል። በብዙ ቦታ ፖሊሱ ቆሞ ያይ ነበር፤ ዳኛውም የሚያስረው የተደበደበውን ነበር። ይህን አሠራር አንባቢ ከልቡ ይያዘው፤ ካሚዮኑ፥ ዱላው፥ እሳቱና ቆሞ የሚያየው ፖሊስ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ በሌላ ምድር ይመለሳሉና።

በ1915 ዓ.ም. ጥቅምት 18 ቀን ጥቁር ሸሚዞች ወደ ሮማ ገሠገሡ። ንጉሡ ሊያስቆማቸው የሚችል ጦር እያለው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን አልፈርምም አለ፤ ሙሶሊኒንም ጠርቶ የመንግሥት አለቃ አደረገው። ሁለት ወርም ሳይሞላ በቶሪኖ ከተማ በተነሣ ጠብ ሁለት ፋሺስቶች ተገደሉ። ፒዬሮ ብራንዲማርቴ የተባለው የቶሪኖ ጭፍራ አለቃ ሰዎቹን ለቀቃቸው። ከታኅሣሥ 9 እስከ 11 ቀን፥ ሦስት ቀን ሙሉ፥ ሠራተኛውን ከየቤቱ እያወጡ ገደሉት፤ የሠራተኛ ማኅበሩንም ሕንፃ አቃጠሉ። መንግሥት 11 ሰው ሞተ አለ፤ ብራንዲማርቴ ግን የገደልነው 22 ነው ብሎ በኩራት ተናገረ። በዚያው ሳምንት ለሀገር ጥቅም ተብሎ ለተሠራ ወንጀል ምሕረት የሚሰጥ አዋጅ ወጣ። ገዳዮቹም በነጻ ሄዱ።

ከዚያ ወር ሳይሞላ፥ በጥር 6 ቀን 1915 ዓ.ም.፥ እነዚሁ ጭፍሮች በንጉሥ አዋጅ የመንግሥት ጦር ሆኑ። ስሙም «ለሀገር ጸጥታ የቆመ በጎ ፈቃደኛ ሚሊሺያ» ተባለ። ሥራውን የጀመረው ጥር 24 ቀን ነው።

ሙሶሊኒ ይህን ያደረገበት ምክንያት ሁለት ነው። በየአውራጃው ያሉት የጭፍራ አለቆች እንደ ትናንሽ ነገሥታት ሆነው አስቸግረውት ስለ ነበር በደመወዝና በማዕረግ ሊያስራቸው ፈለገ። ደግሞም የንጉሡ ጦር አንድ ቀን ቢነሣበት የራሱ ጠመንጃ እንዲኖረው አሰበ። እንግዲህ በአንድ ሀገር ሁለት ጦር ሆነ፤ አንዱ የንጉሥ፥ ሁለተኛው የፓርቲ። የሁለተኛው ወታደር መጀመሪያ ሲምል በንጉሡ ስም አልማለም፤ የሚታዘዘውም ለሙሶሊኒ ነበር። ስንቁና ደመወዙ ግን ከሕዝብ ግብር ይወጣ ነበር።

አወቃቀሩ የጥንቱን ሮማ እንዲመስል ተደረገ። ሦስት ጓድ አንድ ማኒፖሎ፥ ሦስት ማኒፖሎ አንድ ቼንቱሪያ፥ ሦስት ቼንቱሪያ አንድ ኮርቴ፥ ሦስት ኮርቴ አንድ ሌጊዮን ይሆናል። የሌጊዮኑ አለቃ ኮንሶሌ፥ የቼንቱሪያው አለቃ ቼንቱሪዮኔ ይባላል። ትናንት በፌራራ መንገድ ዱላ ይዞ ይዞር የነበረው ሰው ዛሬ የቄሣር መኮንን ማዕረግ ለበሰ። የሁሉም የበላይ ሆኖ የተሾመው ኤሚልዮ ዴ ቦኖ ነው፤ እርሱም ወደ ሮማ የተደረገውን ግሥገሣ ከመሩት ከአራቱ አንዱ ነበረ። ይህ ስም ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም።

በ1916 ዓ.ም. ሰኔ 3 ቀን የሶሻሊስቱ የፓርላማ አባል ጃኮሞ ማቴዮቲ በሮማ ከመንገድ ታፍኖ ተገደለ። ሀገሩ ተናወጠ፤ ዴ ቦኖም ከሹመቱ ወረደ። ያን ጊዜ ንጉሡን ለማረጋጋት ሲባል ሚሊሺያው ለንጉሡ እንዲምል ተደረገ። መሐላው ተለወጠ፤ ሰውዬው ግን ያው ነው።

በ1928 ዓ.ም. መስከረም 22 ቀን የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። ያሻገረውም ጄኔራል ይኸው ዴ ቦኖ ነው። የፓርቲው ሚሊሺያ የመጀመሪያ አዛዥ የወረራውም የመጀመሪያ አዛዥ ሆኖ መጣ። ሙሶሊኒ ጦርነቱ የንጉሡ ጄኔራሎች ብቻ ድል እንዳይሆን አጥብቆ ፈልጎ ነበርና የጥቁር ሸሚዝ ክፍለ ጦሮችን አከታትሎ ላከ። በፈረንጆች አቆጣጠር የተሰየመው የክፍለ ጦሮቹ ስም የፓርቲው የበዓል መቁጠሪያ ነበር። «23 ማርጾ» ማኅበሩ በሚላኖ የተመሠረተበት ቀን ነው። «28 ኦቶብሬ» የሮማው ግሥገሣ ቀን፥ «3 ጄናዮ» ሙሶሊኒ ከማቴዮቲ ሞት በኋላ አምባገነንነቱን በፓርላማ ያወጀበት ቀን፥ «1 ፌብራዮ» ሚሊሺያው ሥራ የጀመረበት ቀን ነው። «21 አፕሪሌ» ሮማ የተቆረቆረችበት ነው ተብሎ የሚከበር ዕለት ነው። ስድስተኛው «ቴቬሬ» በሮማ ወንዝ ስም ተጠርቶ፥ በውጭ አገር ይኖሩ የነበሩ ኢጣልያውያን ሳይቀሩ ገብተውበት፥ በሶማሌ በኩል ወረደ።

የንጉሡ መኮንኖች እነዚህን ሰዎች ከልብ አልወደዷቸውም። ፓርቲው ጎበዝ ናቸው ይላል፤ መኮንኖቹ ግን መድፈኛውንና መሐንዲሱን ከራሳቸው ጦር ጨምረው ካልደገፏቸው ጥቁር ሸሚዞች ብቻቸውን ይዋጋሉ ብለው አላመኑም።

የተፈተኑትም በተምቤን ነው። ዴ ቦኖ ቀርፋፋ ተብሎ ተነሥቶ ማርሻል ባዶልዮ ተተክቶ ነበር። በጥምቀት ዕለት፥ ጥር 11 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ ባዶልዮ ጦሩን አንቀሳቀሰ። የራስ ካሣና የራስ ሥዩም ሠራዊት ግን ወደ ኋላ አላለም። በማግሥቱ ከምሽጉ የወጣውን የጥቁር ሸሚዝ ቡድን በገደሉ መካከል አግኝቶ ፈጀው። ከቡድኑ ጋር የነበረው ዶሚኒካዊ ቄስ ሬጂናልዶ ጁልያኒ የሞተው በዚያን ቀን ነው። «28 ኦቶብሬ» ክፍለ ጦር ጣልያኖች ዋሪዩ በሚሉት ማለፊያ ላይ ተከበበ። ውኃ አለቀባቸው፤ ስንቅ በአውሮፕላን ይጣልላቸው ጀመር። የኢትዮጵያ ወታደር ሌሊት እየተሳበ እስከ ድንጋይ አጥሩ ደረሰ። ባዶልዮ መቀሌን ለቆ ለማፈግፈግ እስኪያስብ ድረስ ተጨነቀ። ከበባውን የሰበረው ከኤርትራ የተመለመለው ሁለተኛ ክፍለ ጦር መጥቶ፥ ከሰማይም የመርዝ ጋዝ ወርዶ ነው። ይህ መርዝ እንደ ዘይት በቆዳ ላይ አርፎ ሥጋን እየላጠ ለቀናት የሚያሠቃይ፥ ባዶ እግሩን የሚሄደውን ወታደር ከሣሩ ላይ ሳይቀር የሚያገኝ መሣሪያ ነበር። በሮማ ጋዜጣ ላይ ግን ጥቁር ሸሚዞች በጀግንነት ጸኑ ተብሎ ተጻፈ።

በየካቲት 7 ቀን «23 ማርጾ» ክፍለ ጦር በአምባ አራዳም ጫፍ ላይ ሰንደቅ እንዲተክል ተደረገ። ራስ ሙሉጌታ የተሸነፉት በመድፉና በአውሮፕላኑ ብዛት ነው፤ ፎቶግራፉ ግን የፓርቲው ሆነ። የፓርቲው ዋና ጸሐፊ አኪሌ ስታራቼም የድሉ ተካፋይ እንዲሆን በካሚዮን የተጫነ ጦር ተሰጥቶት መጋቢት 23 ቀን ጎንደር ገባ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተያዘች። ከጦሩ ጋር ፓርቲው ከነቢሮው ገባ። የመጀመሪያው የከተማዋ ገዥ ጁዜፔ ቦታይ የቆየ ፋሺስት ነው፤ የቆየው ግን ጥቂት ሳምንት ብቻ ነበር። ከዚያም የፓርቲው የአዲስ አበባ አለቃ ሆኖ የተቀመጠው ጉዊዶ ኮርቴዜ ነው። ካሚዮን ነጂው፥ መካኒኩ፥ መንገድ ሠራተኛው፥ ነጋዴው ሁሉ የፓርቲ አባል ሆነ። ጥቁሩ ሸሚዝ በየቤቱ ተሰቅሎ ነበር፤ ጠዋት አካፋ የያዘ ሰው ማታ ሚሊሺያ ነው። ግዛቱን አደገኛ ያደረገውም ይህ ነበር። ጦር ሠራዊት ካምፕ አለው፤ ይህ ጦር ግን ከሕዝቡ ጋር በአንድ ሰፈር ያድር ነበር፤ የየጎረቤቱን በር ያውቅ ነበር።

ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በገነተ ልዑል ግቢ ውስጥ የዚያ ዘመን ምልክት አለ። ከሙዚየሙ ፊት ለፊት ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ የሲሚንቶ ደረጃ ቆሟል። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ በሥልጣን ላይ ለቆየበት አንድ ዓመት የተሠራ ነው፤ ከድል በኋላ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል።

በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀን፥ ዓርብ፥ እንደራሴው ሮዶልፎ ግራዚያኒ የኢጣልያው ልዑል አልጋ ወራሽ ልጅ ወልዷል ብሎ ለድሆች ምጽዋት ሊሰጥ በዚሁ ግቢ ሕዝብ ሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ብዙ ፍንጣሪ ገብቶበት ወደቀ፤ ጄኔራል ሊዮታ እግሩን አጣ፤ አቡነ ቄርሎስም ቆሰሉ። ወጣቶቹ በስምዖን አደፍርስ መኪና ከከተማው ወጡ። በግቢው የነበረው ወታደርና ካራቢኒዬሪ የተባለው የኢጣልያ ፖሊስ በሮቹን ዘግቶ ሊመጸወት በመጣው ሽማግሌና ዕውር፥ በአንካሳውና ልጅ ባዘለችው ላይ ተኮሰ። በዚያ ግቢ ብቻ የረገፈው ሰው ብዙ ነው።

የቀረው ሥራ የሚሊሺያው ነበር። ከሰዓት በኋላ ኮርቴዜ ሰዎቹን በፋሺስት ቤት ሰብስቦ ሦስት ቀን ሰጣቸው፤ በሦስቱ ቀን በኢትዮጵያውያን ላይ የፈለጉትን እንዲያደርጉ ለቀቃቸው። እዚህ ላይ የሦስት ቀን ነገር ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የየካቲት 12 እልቂት በድንጋጤና በቁጣ የመጣ እብደት እንደ ሆነ ተደርጎ ይተረካል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ቶሪኖ ሦስት ቀን ተሰጥቷት ነበር። በቶሪኖ የፓርቲው ሰው ተገደለ፤ አለቃው ጭፍራውን ለቀቀ፤ ፖሊስ ቆሞ አየ፤ ቤት ተቃጠለ፤ ያን ጊዜ ማንም አልተጠየቀም። በአዲስ አበባም የሆነው በየተራው ይኸው ነው። ልዩነቱ በቶሪኖ የሞተው በአሥር ሲቆጠር በአዲስ አበባ በሺህ መቆጠሩ ነው፤ የቅኝ ግዛት ሰው እንደ ሰው አይቆጠርም ነበርና።

ካሚዮኖቹ ተነሡ። ዱላ፥ የብረት ዘንግ፥ አካፋ፥ ጩቤና ጠመንጃ የያዙ ሰዎች በወንዞቹ ዳርና በየሰፈሩ ገቡ። የጎጆው በር ከውጭ ይዘጋል፤ ቤንዚን በሣር ክዳኑ ላይ ይረጫል፤ የእጅ ቦምብ ይወረወርበታል። ከእሳቱ ያመለጠ በጩቤ ይወጋል። የመንገድ አላፊው ዝም ብሎ ይገደላል። ከመግደል በፊት ገንዘብና ጌጥ ይዘረፋል። የቅዱስ ጊዮርጊስንም ቤተ ክርስቲያን በእሳት ሊያያይዙት ሞከሩ። የሚላኖው ጋዜጣ የ«ኮሪዬሬ ዴላ ሴራ» ዘጋቢ ቺሮ ፖጃሊ በዓይኑ ያየውን ለጋዜጣው መላክ ስላልቻለ በምሥጢር ማስታወሻው ጻፈው፤ ያገሩ ሰዎች የጥንቱን የጭፍራ ዘዴ ይዘው እንደ ወጡ አስተውሎ ነበር። የሃንጋሪው ሐኪም ላዲስላስ ሳቫ ያየውን ወደ እንግሊዝ አገር አድርሶ በሲልቪያ ፓንክኸርስት ጋዜጣ ላይ ታተመ። የአሜሪካው መልእክተኛ ኮርኔሊየስ ኤንገርትም ለመንግሥቱ ቴሌግራም ላከ። ከኛም ወገን ደራሲው ተመስገን ገብሬ ከእልቂቱ ተርፎ በግለ ታሪኩ ውስጥ አስፍሮታል።

ከጣልያኖቹም መካከል አሽከሮቻቸውንና ጎረቤቶቻቸውን ደብቀው ያተረፉ ነበሩ። ይህ ሊካድ አይገባም።

እሑድ የካቲት 14 ቀን ኮርቴዜ ይብቃ የሚል ማስታወቂያ አወጣ። በትእዛዝ የጀመረው በትእዛዝ ቆመ፤ ልጓም የሌለው ቁጣ እንዲህ በወረቀት አይቆምም። የኢትዮጵያ መንግሥት የሞተው 30 ሺህ ነው ብሏል። እልቂቱን ለብዙ ዓመት ያጠናው ኢያን ካምቤል ወደ 19 ሺህ ያደርሰዋል። የከተማው ሕዝብ ያን ጊዜ 100 ሺህ ያህል ቢሆን፥ በትንሹም ቁጥር ከአምስት ሰው አንዱ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ ቀጥሎ የተማሩት ወጣቶች ተለቅመው ተረሸኑ፤ ሌሎች በሶማሌ ወደ ነበረው የዳናኔ እስር ቤት፥ መኳንንቱም ወደ ኢጣልያ ተጋዙ፤ አዝማሪና ጠንቋይ ሳይቀር ትንቢት ያወራሉ ተብለው ተገደሉ። በግንቦት የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት የጨረሰው ግን ጄኔራል ማሌቲ የሚያዘው የቅኝ ግዛት ጦር ነው እንጂ ጥቁር ሸሚዝ አይደለም። የእያንዳንዱን ደም በየባለቤቱ መጻፍ ይገባል።

በዚያም ወራት ሙሶሊኒ ሚሊሺያውን ገበሬ አድርጎ በኢትዮጵያ ለመትከል አሰበ። በወገራ «የኢትዮጵያ ሮማኛ»፥ በጨርጨር «የኢትዮጵያ ፑልያ» የሚባሉ ሠፈሮች ተቆረቆሩ። ማረሻና ጠመንጃ አብሮ ተሰጠ። አርበኞቹ ግን መንገዱን እየቆረጡ፥ ሠፈሩን እያስጨነቁ አላሳረሷቸውም። የታሰበው ብዙ፥ የተተከለው ጥቂት ሆኖ ቀረ።

በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ገቡ። በኢትዮጵያ የጥቁር ሸሚዝ የመጨረሻው ታላቅ ውጊያ በጎንደር በኩል፥ ቁልቋል በር ላይ ነበር። 240ኛው የጥቁር ሸሚዝ ሻለቃ ከካራቢኒዬሪ ጋር ሆኖ እስከ ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ተዋጋ፤ በጽናት መዋጋታቸውን ጠላቶቻቸውም መስክረዋል። ቁልቋል በር ሲወድቅ ጎንደር በሳምንቱ እጇን ሰጠች።

ሙሶሊኒ በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረደ። እርሱ ሲያዝ እንዲጠብቀው የተፈጠረው ሚሊሺያ አንድ ጥይት አልተኮሰም። የተተካው ባዶልዮ ነው፤ በተምቤን በመርዝ ጋዝ ያተረፋቸውን ጥቁር ሸሚዞች በኅዳር 1936 ዓ.ም. በአዋጅ አፈረሳቸው። ዴ ቦኖ ደግሞ በታላቁ የፋሺስት ምክር ቤት ሙሶሊኒ ይውረድ ብሎ ድምፅ ሰጥቶ ነበርና በሰሜን ኢጣልያ ጀርመኖች የተከሉት የፋሺስት መንግሥት በቬሮና ፈረደበት። ጥር 2 ቀን 1936 ዓ.ም.፥ በ77 ዓመቱ፥ ከሙሶሊኒ አማች ከቻኖ ጋር በወንበር ታስሮ በጀርባው በፋሺስት ጥይት ተረሸነ።

ስለ አዲስ አበባ ግን የተረሸነ፥ የታሰረም የለም። ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሲዮን 10 ሰዎችን ከሰሰች፤ ባዶልዮ፥ ግራዚያኒና ኮርቴዜ በስም ተጠርተዋል። እንግሊዝ ነገሩ እንዲገፋ አልፈለገችም፤ ኢጣልያም ማንንም አሳልፋ አልሰጠችም። ግራዚያኒ በገዛ አገሩ 19 ዓመት ቢፈረድበትም የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው፤ በወራትም ተፈታ። በ2004 ዓ.ም. ክረምት በአፊሌ ከተማ በሕዝብ ገንዘብ የመታሰቢያ ቤት ሲሠራለት፥ በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ።

በቶሪኖ፥ በቀድሞው የፖርታ ሱዛ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ ዛሬ የታኅሣሡን እልቂት ቀን ስም ይዟል፤ በስድስት ኪሎም የየካቲት 12 ሐውልት ዩጎዝላቪያ በሰጠችው፥ አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች በቀረጹት ነሐስ አጊጦ ቆሟል። የቶሪኖው ብራንዲማርቴ እ.ኤ.አ. በ1950 ተፈርዶበት ነበር፤ በ1952 ማስረጃ አልበቃም ተብሎ በነጻ ተለቀቀ። ለአዲስ አበባው እልቂት ግን በኢጣልያ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ችሎት እንኳ አልተቀመጠም።